አውራ ጣት ሳይመሰክር ቱቦው አይውጣ

ቀዶ ሕክምናው አልቋል። የመጨረሻው ስፌት ተቋጥሯል፣ የሰመመን ጋዙ ተዘግቷል፣ ታካሚው በራሱ መተንፈስ ጀምሯል። ማሽኑ ላይ የትንፋሹ መጠን 400 ሚሊ ሊትር ይነበባል፣ ኦክስጅኑ 99 ነው፣ ስሙ ሲጠራ ዓይኑን ይገልጣል። ጉሮሮው ውስጥ የገባው የመተንፈሻ ቱቦ ይወጣል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ ማገገሚያ ክፍል ውስጥ፣ ያው ሰው አየር በሳበ ቁጥር ሆዱ እየተነሳ ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባል። አገጩ ወደ ኋላ ወድቋል። ምራቁን መዋጥ አቅቶት ጉሮሮው ውስጥ ይንቆረቆራል። እጁን ለማንሳት ይሞክርና ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ተንቀጥቅጦ ይወድቃል። ዓይኑ ግን ንቁ ነው፤ ሁሉንም ያውቃል።

ይህ የሚሆነው ባለሙያው ቸል ስላለ ብቻ አይደለም። ጡንቻን የሚያዝለው መድኃኒት፣ በሥራ ቋንቋችን ሪላክሳንት የምንለው፣ የሰውነትን ጡንቻዎች ሁሉ እኩል አይዝም፣ እኩልም አይለቅም። ድያፍራም፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለየው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ መድኃኒቱን በጣም ይቋቋማል፤ ሲለቀቅም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ምላስን ወደ ፊት የሚይዙት፣ የአየር መንገዱን ክፍት የሚያደርጉት፣ ምራቅ ወደ ሳንባ እንዳይወርድ የሚከላከሉት የጉሮሮ ጡንቻዎች ግን በጥቂት ቅሪት እንኳ ይሰንፋሉ። ስለዚህ አየር ሳቢው በርትቶ እየሠራ አየሩ የሚያልፍበት በር ገና ልል ሊሆን ይችላል። ቱቦው በቦታው እስካለ ድረስ በሩን እሱ ራሱ ደግፎ ስለሚይዘው ጉድለቱ አይታይም። የሚታየው ቱቦው ከወጣ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መድኃኒት የያዘው እጅ ከታካሚው ርቋል።

የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ የጡንቻ ጉልበት መመለሱ በሰዓት ቆጠራ፣ በትንፋሽ መጠን ወይም በልምድ ግምት አይታወቅም። ይለካል፤ የሚለካውም አውራ ጣት ላይ ነው።

ነገሩ ከየት እንደሚነሳ ለማየት ነርቭ ከጡንቻ የሚገናኝበትን ቦታ ማሰብ ይበቃል። ከነርቩ ጫፍ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይለቀቃል፣ ጠባቧን ክፍተት ተሻግሮ ጡንቻው ላይ ካሉት ተቀባዮች ይያያዛል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ሮኩሮኒየም፣ ቬኩሮኒየም፣ አትራኩሪየምና ሲስአትራኩሪየም የተባሉት ሪላክሳንቶች እነዚያን ተቀባዮች ይዘው ይቀመጣሉ እንጂ አይቀሰቅሷቸውም፤ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንደማይዞር ቁልፍ ማለት ነው። ሰክሲኒልኮሊን የተባለው ሪላክሳንት በተቃራኒው ራሱ ተቀባዩን ይቀሰቅስና ሳይለቅ ይቆያል፤ መጀመሪያ ጡንቻው ሲርገበገብ፣ ከዚያ ሲዝል የምናየው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ቁጥር አለ። ተፈጥሮ ተቀባዮቹን ከሚያስፈልገው በላይ አትረፍርፋ ነው የሠራችው። ከ70 እስከ 75 በመቶ የሚሆኑት በመድኃኒት ተይዘው እንኳ ጡንቻው ለአንዲት ነጠላ ቅስቀሳ የሚሰጠው ምላሽ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። «ጉልበቱ ተመልሷል» ብለን የምናስበው ሰው አብዛኛው ተቀባዩ ገና የተያዘ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ታካሚው ያለው የመጠባበቂያ አቅም ያለቀበት ሰው ነው። ትንሽ ሕመም ማስታገሻ፣ ትንሽ ብርድ፣ ትንሽ የአሲድ መብዛት ሲጨመርበት ወዲያው ወደ ኋላ ይመለሳል።

ሪላክሳንት አያስተኛም፣ ሕመምም አይቀንስም። ይህ ጥርጣሬ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ስኮት ስሚዝ የተባለ የሰመመን ሐኪም ምንም ማደንዘዣ ሳይወስድ ትንፋሽን ከሚያቆመው መጠን ሁለት እጥፍ ተኩል የሚሆን ኩራሬ፣ ማለትም የመጀመሪያው ሪላክሳንት፣ ተሰጠው። ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ሳይችል፣ ሰው እያስተነፈሰው፣ ሁሉን ይሰማና ያስታውስ ነበር። በብሪታንያና በአየርላንድ ተካሂዶ በ2014 የታተመው ብሔራዊ ጥናት በሰመመን ውስጥ ሳሉ ነቅተናል ብለው የተናገሩ ሰዎችን ሲቆጥር፣ ሪላክሳንት በተሰጠበት ሰመመን 1 ለ8,000 ገደማ፣ ባልተሰጠበት 1 ለ136,000 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ጡንቻው ያልዛለ ሰው ሲነቃ ይንቀሳቀስና ያስታውቃል፤ የዛለው ግን ምንም ምልክት መስጠት አይችልም። እንቅልፉ ሳይቀንስ የጡንቻው ጉልበት ቀድሞ መመለስ አለበት የሚለው ደንብ ከዚህ የመጣ ነው። ጋዙን ዘግቶ፣ ታካሚው እየነቃ፣ «ሪላክሳንቱ እስኪለቀው እንጠብቅ» ማለት ሰውን በራሱ አካል ውስጥ ማሰር ነው።

እንዲህም ሆኖ መድኃኒቱ ባይኖር የዛሬው ቀዶ ሕክምና አይታሰብም ነበር። ሃሮልድ ግሪፊትና ኢኒድ ጆንሰን በሞንትሪያል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1942 ኩራሬን በትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ላይ ከመጠቀማቸው በፊት ሆድን ለማላላት የነበረው መንገድ ጋዙን አብዝቶ መስጠት ነበር፤ ያ ደግሞ ልብን ይጫናል። ነገር ግን ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ቢቸርና ቶድ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ያሰባሰቡትን መረጃ ሲያወጡ ሪላክሳንት በተሰጣቸው ታካሚዎች ላይ ከሰመመን ጋር የተያያዘ ሞት ብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ሰዎች መድኃኒቱን መርዝ ነው ብለው ተከራከሩ። ዛሬ ወደ ኋላ ስናየው በእኔ ግምት ትልቁ ችግር መድኃኒቱ አልነበረም፤ መቼ እንደለቀቀ አለማወቁ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ያ ችግር በከፊል አሁንም አብሮን አለ።

ወደ መጠኑ ልምጣ። ሮኩሮኒየም ለተለመደው ቱቦ ማስገባት 0.6 ሚሊግራም በኪሎ ይሰጣል፤ ከአንድ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ይይዛል፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይቆያል። ሆዱ ባልተጾመ ሰው ላይ በፍጥነት ማስገባት ሲያስፈልግ 1.2 ሚሊግራም በኪሎ ይሆናል፤ በደቂቃ ውስጥ ይይዛል፣ ቆይታው ግን ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ቬኩሮኒየም 0.1፣ አትራኩሪየም 0.5 ሚሊግራም በኪሎ፤ ሁለቱም ለመያዝ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይፈልጋሉ። አትራኩሪየምና ሲስአትራኩሪየም በደም ሙቀትና በአሲድ ሚዛን ራሳቸው ስለሚበታተኑ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይመረጣሉ፤ አትራኩሪየም በፍጥነት ሲገፋ ግን ሂስታሚን አስለቅቆ ቆዳን ያቀላል፣ ግፊትን ያወርዳል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ ይሰጥ። ፓንኩሮኒየም ረጅም ነው፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ሌላ ምርጫ ላለው ሰው፣ ቱቦውን እዚያው ለማውጣት ካሰበ፣ አልመክረውም። በጣም ወፍራም ታካሚ ላይ ሮኩሮኒየም ቁመቱ በሚፈቅደው ክብደት እንጂ ሚዛን ላይ ባለው ክብደት አይሰላም፤ ሰክሲኒልኮሊን ግን በእውነተኛው ክብደት ይሰላል። ይህን ማምታታት በቀላሉ ግማሽ ሰዓት ያስረዝማል።

ሰክሲኒልኮሊን የራሱ ዓለም አለው። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም በኪሎ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይይዛል፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። በፍጥነት የሚለቀው ደም ውስጥ ያለ ኢንዛይም ስለሚሰባብረው ነው። ኢንዛይሙ በውርስ የጎደለው ሰው ግን ሰዓታት ሊዝል ይችላል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ማስተኛትና ማስተንፈስ ብቻ ነው፣ ጉልበቱ በራሱ እስኪመለስ። የሌሎቹን ሪላክሳንቶች ኃይል ለመመለስ የሚሰጠው ኒዮስቲግሚን አያድነውም፤ እንዲያውም ያንኑ ኢንዛይም ስለሚያግድ ሊያስረዝምበት ይችላል። ሰክሲኒልኮሊን የደም ፖታሲየምን በጤነኛ ሰው ላይ በግማሽ ነጥብ ገደማ ያነሳል። ከአንድ ቀን በላይ በቆየ ከባድ ቃጠሎ፣ በአከርካሪ ጉዳት፣ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ በዋለ ወይም የጡንቻ መመንመን በሽታ ባለበት ልጅ ላይ ግን ልብን እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ሮኩሮኒየም ከሰጠሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖኛል፣ ለቆታል» የሚለው ሐሳብ ከሁሉም በላይ የተለመደ ስህተት ነው። በፈረንሳይ ተሠርቶ በ2003 የታተመ ጥናት መካከለኛ ቆይታ ያላቸው መድኃኒቶች አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጣቸውንና ሪቨርስ ያልተደረጉ፣ ማለትም የሪላክሳንቱን ኃይል የሚመልስ መድኃኒት ያልተሰጣቸው፣ ታካሚዎችን ማገገሚያ ክፍል ሲደርሱ ለካ። 45 በመቶዎቹ ጉልበታቸው አልተሟላም ነበር። መድኃኒቱ ከተሰጠ ሁለት ሰዓት ባለፋቸውም ላይ ቁጥሩ 37 በመቶ ነበር። አንዲት መጠን፣ ሁለት ሰዓት፣ ከሦስቱ ከአንዱ በላይ። የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ደቂቃ አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ፊታችን ስለተኛው ሰው ምንም አይነግረንም።

የሚያስረዝሙት ነገሮች ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም ሳናስተውል የምናደርጋቸው ናቸው። ብርድ የመጀመሪያው ነው፦ የሰውነት ሙቀት በሁለት ዲግሪ ብቻ ሲወርድ የቬኩሮኒየም ቆይታ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ለደም ግፊትና ለእርግዝና መንዘፍዘፍ የሚሰጠው ማግኒዥየም ያጎላዋል። ጄንታማይሲንን የመሰሉ አንቲባዮቲኮችና ክሊንዳማይሲን ያጎሉታል። የሰመመን ጋዞቹ ራሳቸው ያጎሉታል። በቂ ሳይተነፍስ ቀርቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተጠራቀመበት ሰው ላይ ይጎላል፤ ይህ ክፉ አዙሪት ነው፣ ምክንያቱም ድካሙ ትንፋሹን ያሳንሳል፣ ትንፋሹ ማነሱ ድካሙን ይጨምራል። ኩላሊትና ጉበት የደከሙበት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ላይ ሮኩሮኒየምና ቬኩሮኒየም ይዘገያሉ። ማያስቴኒያ ግራቪስ፣ ማለትም ነርቭ ከጡንቻ የሚገናኝበትን ቦታ የሚያደክም በሽታ፣ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ከተለመደው በጣም ያነሰ መጠን ሊበዛበት ይችላል።

የአልጋ ላይ ፈተናዎቹስ? ጭንቅላትን አምስት ሴኮንድ ከትራስ አንስቶ መያዝ፣ እጅ መጨበጥ፣ ምላስ ማውጣት። ለብዙ ዓመታት የተማርነው ይህን ነው። ጭንቅላቱን አምስት ሴኮንድ የያዘ ሰው ግን ጉልበቱ ከግማሽ ብዙም ያላለፈ ሊሆን ይችላል። ፈተናውን የወደቀ በርግጥ ደክሟል፤ ያለፈ ግን በርትቷል ማለት አይደለም። በጥርስ መሐል የተያዘን የምላስ መጫኛ እንጨት ሲጎተት አለመልቀቅ ከሌሎቹ የተሻለ ነው ይባላል፤ አፉ ውስጥ ቱቦ ያለበትን፣ ገና ያልነቃን ሰው ግን እንዴት እንፈትንበት? በቱቦ የሚታየው የትንፋሽ መጠን ከሁሉም የሚያታልለው ነው፤ የሚለካው ድያፍራሙን እንጂ ጉሮሮውን አይደለም።

መለኪያው ቀላል ነው። ነርቭ ቀስቃሹ መሣሪያ በግማሽ ሴኮንድ ልዩነት አራት ምቶች በእጅ አንጓ ላይ በትንሿ ጣት ወገን ወደሚያልፈው አልናር ነርቭ ይልካል፣ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይታጠፋል። ጤነኛ ሰው ላይ አራቱ እጥፋቶች እኩል ናቸው። ሪላክሳንት ሲኖር ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያንሳል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ አራተኛው ከሁሉም። መድኃኒቱ ሲበዛ መጀመሪያ አራተኛው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሦስተኛው፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ በመጨረሻ የመጀመሪያውም። የአራተኛው እጥፋት ጉልበት ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው ውሳኔ የሚሰጠው። ቱቦ ለማውጣት ቢያንስ 0.9 መሆን አለበት። ድሮ 0.7 ይበቃል ይባል ነበር፤ በ0.7 ላይ ግን ምራቅና ፈሳሽ በተሳሳተ መንገድ ሲሄድ፣ ኦክስጅን ሲያንስ አንገት ላይ ያለው ኦክስጅን ጠቋሚ ማስጠንቀቂያውን አዳክሞ ሲያስተላልፍ ስለታየ ደንቡ ከፍ ብሏል።

ችግሩ የሰው ዓይንና እጅ ነው። አራቱን እጥፋቶች በዓይን እያየን ወይም አውራ ጣቱን በእጃችን እየዳሰስን መዳከማቸውን የምንለየው ቁጥሩ ከ0.4 በታች ሲሆን ነው። ከ0.4 በላይ አራቱም እኩል ይመስላሉ። በ0.4 እና በ0.9 መሐል ያለው ያ ሰፊ ሜዳ፣ ታካሚው የሚጎዳበት ሜዳ፣ ለዓይን ጨለማ ነው። «አራቱም አሉ፣ እኩል ናቸው» ብሎ ቱቦ ማውጣት የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩን አስልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈልጋል የምለው፤ የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ያወጣው መመሪያም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ በቁጥር የሚለካ መሣሪያ፣ አውራ ጣት ላይ፣ ቱቦ ከመውጣቱ በፊት 0.9 ወይም ከዚያ በላይ።

ኤሌክትሮዱ የሚለጠፍበትን ቦታ ቸል ማለት ሁሉንም ልፋት ያበላሻል። ቆዳው በአልኮል ይጸዳና ይደርቅ፤ ፀጉር ካለ ይነሳ። ጥቁሩ፣ ኔጋቲቩ፣ ከእጅ አንጓ መስመር አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ክንድ አልፎ፣ በትንሿ ጣት ወገን በሚዳሰሰው ጅማት አጠገብ ይለጠፋል። ቀዩ ከእሱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ። ሁለቱ ከተነካኩ ወይም ማጣበቂያው ከደረቀ መሣሪያው የማይታመን ቁጥር ይሰጣል። ኤሌክትሮዱ ወደ መዳፉ ከወረደ ደግሞ ነርቩን ሳይሆን ጡንቻውን በቀጥታ ይመታል፤ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ የዛለ ሰው ጣት እንኳ ይንቀሳቀሳል፣ እኛም እንታለላለን። ስለዚህ የሌሎቹን ጣቶች መንቀጥቀጥ ሳይሆን አውራ ጣቱን ብቻ እንመልከት። እንቅስቃሴን በሚለካው ዓይነት መሣሪያ አራቱ ጣቶች በፕላስተር ይያዛሉ፣ አውራ ጣት ነፃ ይሆናል፤ ክንዱ በጨርቅ ስር ተጭኖ ከዋለ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። የጡንቻውን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ዓይነት ግን እጁ ታጥፎ ቢታሰርም ይሠራል።

ኃይሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሚሊ አምፒር ይሆናል። መሣሪያው መስተካከል ያለበት ታካሚው ከተኛ በኋላ ሪላክሳንቱ ከመገፋቱ በፊት ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ይህ ካልተደረገ እንቅስቃሴን የሚለካው መሣሪያ ገና ከመነሻው 1.1 ወይም 1.15 ሊያሳይ ስለሚችል፣ መጨረሻ ላይ የሚነበበው 0.9 በእውነቱ 0.8 ይሆናል። መነሻው ያልታወቀ ከሆነ 1.0 እስኪሞላ መጠበቅ ይሻላል። ሁለት ልኬቶች መሐል ቢያንስ 12 ሴኮንድ ይለፍ። እጁ ከቀዘቀዘ፣ ከ32 ዲግሪ በታች ከወረደ፣ ንባቡ ያሳስታል፤ ይሸፈን።

ክንዶቹ ሁለቱም ከጎን ታስረው ፊት ብቻ ሲቀር ኤሌክትሮዱን ዓይን አጠገብ መለጠፍ የተለመደ ነው። ቅንድብ ላይ ያለው ጡንቻ ግን እንደ ድያፍራም ቶሎ የሚመለስ ነው፤ በቅንድብ ተመርቶ ሪቨርስ ማድረግ ገና የዛለን ሰው እንደበረታ ማየት ነው። ለማስገባትና ለመሐሉ ፊት ይጠቅማል። ሊወጣ ሲል ግን ክንዱ ይፈታና አውራ ጣቱ ይጠየቅ።

ሪቨርሳሉን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ኒዮስቲግሚን ማንኛውንም ጥልቀት ያነሳል ብለን ስለምናስብ ነው። ኒዮስቲግሚን ሪላክሳንቱን ከተቀባዩ አያባርርም፤ አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም አግዶ የራሳችን አሴቲልኮሊን እንዲበዛና እንዲሻማ ያደርጋል። ኢንዛይሙ ሙሉ በሙሉ ከታገደ በኋላ ተጨማሪ ኒዮስቲግሚን ምንም አይጨምርም። ጣሪያ አለው። አንድ እጥፋት ብቻ ወይም ምንም በሌለበት ጊዜ ቢሰጥ በቂ ውጤት አይጠበቅም። ሁለት ወይም ሦስት እጥፋት ሲኖር ደግሞ ሩብ ሰዓትም፣ ግማሽ ሰዓትም ሊፈልግ ይችላል። በኒዮስቲግሚን ለሚሠራ ሰው ትዕግሥት ማለት አራቱም እጥፋቶች እስኪመለሱ መጠበቅ ነው። አራቱ ኖረው መዳከማቸው ከታየ 0.04 እስከ 0.05 ሚሊግራም በኪሎ፤ መዳከማቸው በዓይን ካልታየ 0.02 እስከ 0.03 ይበቃል። ከ5 ሚሊግራም አይለፍ። ሙሉ ኃይሉ የሚታየው ከ7 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ ስለሆነ ገፍቶ ወዲያው ቱቦ ማውጣት መድኃኒቱን እንዳልሰጡ መቁጠር ነው።

ከእሱ ጋር አትሮፒን 0.02 ሚሊግራም በኪሎ ወይም ግላይኮፒሮሌት፣ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊግራም ኒዮስቲግሚን 0.2 ሚሊግራም፣ አብሮ ይሰጣል። አለዚያ የልብ ምት ይወርዳል፣ ምራቅ ይበዛል፣ የሳንባ ቧንቧ ይጠባል። ለ70 ኪሎ ሰው 0.05 ብንወስድ 3.5 ሚሊግራም ኒዮስቲግሚንና 1.4 ሚሊግራም አትሮፒን ነው። አትሮፒን ከኒዮስቲግሚን ስለሚቀድም ምቱ መጀመሪያ ይወጣል፣ ዘግይቶ ይወርዳል፤ የዘገየው መውረድ ሰውን ማገገሚያ ክፍል ውስጥ እንዳያገኘው ሞኒተሩ ቶሎ አይነቀል።

ሱጋማዴክስ ነገሩን የቀየረ መድኃኒት ነው። ከስኳር የተሠራ ቀለበት ነው፤ ሮኩሮኒየምንና ቬኩሮኒየምን በውስጡ ጠቅልሎ ይይዝና በኩላሊት ያስወጣል። ሁለት እጥፋት ሲታይ 2 ሚሊግራም በኪሎ፤ አራቱ ምቶች ምንም ሳያሳዩ ከጠንካራው፣ ማለትም ፈጣንና ተከታታይ ከሆነው፣ ቅስቀሳ በኋላ ብቻ አንድ ወይም ሁለት እጥፋት ሲታይ 4 ሚሊግራም በኪሎ፤ 1.2 ሚሊግራም በኪሎ ሮኩሮኒየም ተሰጥቶ ወዲያው መመለስ ሲያስፈልግ 16 ሚሊግራም በኪሎ። በሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይሠራል። ይህ ፍጥነት ግን መለኪያን አያስቀርም፤ የእጥፋቱ ቁጥር ካልታወቀ መጠኑ ከየት ይመጣል? ለመቆጠብ ብሎ ማሳነስ በተለይ አደገኛ ነው፦ ቀለበቶቹ ካነሱ ከጡንቻ ወደ ደም የሚመለሰው መድኃኒት ዳግም ያዝላል፣ ያውም ቱቦው ከወጣ በኋላ። አትራኩሪየምንና ሲስአትራኩሪየምን ጨርሶ አይዝም። የልብ ምትን ሊያወርድና አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። በአፍ የሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ የምትጠቀም ሴት ለቀጣዮቹ 7 ቀናት ሌላ ተጨማሪ መከላከያ እንደሚያስፈልጋት ሊነገራት ይገባል፤ ይህን ሳይነግሩ መሸኘት ትልቅ በደል ነው። ሱጋማዴክስ የተሰጠው ሰው ብዙም ሳይቆይ እንደገና ወደ ቀዶ ሕክምና ቢመለስ ሲስአትራኩሪየም ይቀላል።

አንድ ስውር ወጥመድ ደግሞ አለ፣ ስለ እሱ በቂ አይወራም። ሪላክሳንት ደም ሥር ውስጥ በገባው ቀጭን ቧንቧ፣ በካኑላው፣ መገጣጠሚያ ወይም ባለሦስት መንገዱ ቧንቧ ውስጥ ይቀራል። ትንሽ ነው፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር ላይሞላ ይችላል። አንድ ሰዓት ቆይቶ ነርሷ ዋርድ ውስጥ አንቲባዮቲክ ስትሰጥ ያ ቅሪት ተገፍቶ ይገባል። ሕፃን ላይ ከሆነ ትንፋሽ ለማቆም ይበቃል። መድኃኒቱ የገባበት እያንዳንዱ መስመርና እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት በጨው ውሃ ይታጠብ፤ ያልታጠበ ማራዘሚያ ይነቀል። ሲሪንጁም ስም ሳይጻፍበት አይቀመጥ። ቀይ ምልክት የሪላክሳንት ነው፤ ቀይና ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው የሪቨርሳል ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን እንዳይቀመጡ እመክራለሁ።

ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ያለ ነርስ የሚያየው ምን ይሆን? ከውኃ እንደወጣ ዓሣ የሚቆራረጥ፣ ዒላማ የሌለው እንቅስቃሴ። የሚከደን የዓይን ቆብ። ደካማ፣ የማያወጣ ሳል። የሚጎተት ንግግር። «ሁለት ሁለት ይታየኛል» ማለት፤ ይህኛው ቁጥሩ 0.9 ካለፈም በኋላ ጥቂት ሊቆይ ይችላል። ኦክስጅን በጭንብል እየተሰጠው ስለሆነ የጣቱ መለኪያ 98 እያለ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እየጨመረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ «ተረብሿል» ተብሎ ማስተኛ ይሰጠዋል። ማስተኛ የመጨረሻው ነው መሰጠት ያለበት። አገጩ ይነሳ፣ ጭንብሉ ይጠጋ፣ ትንፋሹ በእጅ ይደገፍ፣ ነርቭ ቀስቃሹ ይምጣ፣ አውራ ጣቱ ይታይ። ድካሙ ከተረጋገጠ ቀሪው ሪቨርሳል በልኩ ይሰጣል፤ ከሮኩሮኒየም ከሆነ ሱጋማዴክስ፣ ከሌለ ኒዮስቲግሚን፣ ቀድሞ ሙሉው መጠን ካልገባ። ጉሮሮው ከተሸነፈ ቱቦ መመለስ ነውር አይደለም፤ ከማስገባቱ በፊት ግን ያስተኙት፣ ነቅቷልና። በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ በጆሮው «መድኃኒቱ ገና አልለቀቀህም፣ አሁን ይለቅሃል፣ አጠገብህ ነን» ይባል። የማይንቀሳቀስ ሰው ይሰማል።

ታካሚዎች ደግሞ የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው፦ «ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ቀን ሆኖኛል፣ እግሬ ይዝላል፣ ሪላክሳንቱ ነው?» አይደለም። በጤነኛ ኩላሊትና ጉበት እነዚህ መድኃኒቶች በሰዓታት ውስጥ ያልቃሉ። የሦስት ቀን ድካም ከደም ማነስ፣ ከአልጋ መዋል፣ ከሕመም ማስታገሻ፣ ካለመብላትና ከቀዶ ሕክምናው ራሱ ይመጣል። አንድ እግር ብቻ ከሰነፈ ወይም ከደነዘዘ የነርቭ መጫን ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ሰክሲኒልኮሊን የተሰጠው ሰው ግን በማግሥቱ አንገቱ፣ ትከሻውና ጎኑ ጠንክሮ እንደሠራ ሰው ሊያመው ይችላል፤ በሁለትና ሦስት ቀን ይለቀዋል።

ለሰመመን ባለሙያው አስቀድሞ መነገር ያለበትም አለ፦ የዓይን ቆብ መውደቅ ወይም እየቆየ የሚብስ ድካም፣ የሚወሰዱ አንቲባዮቲኮች፣ የኩላሊት በሽታ፣ በቤተሰብ ውስጥ ከሰመመን በኋላ ሳይነቃ የቆየ ወይም ሰውነቱ ግሎበት የተቸገረ ዘመድ። የመጨረሻው በተለይ፣ አያት ላይ ሆኖም ከ30 ዓመት በፊት ሆኖም ይነገር።

ታካሚው ለማገገሚያ ክፍል ሲሰጥም በወረቀቱ ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ የመጨረሻው ሪላክሳንት መጠንና ሰዓት፣ የሪቨርሳሉ ስም፣ መጠንና ሰዓት፣ እንዲሁም ቱቦው ከመውጣቱ በፊት የአውራ ጣቱ ቁጥር። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ከሆነ ተረካቢዋ ነርስ «ስንት ነበር?» ብላ የመጠየቅ መብት አላት።